ቢራቢሮና አበባ የሣሉ ሴቶች፦ የሠሩት ሳይንስ ነው ወይስ ጌጥ?

የሳቢያን_መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተና እዚህ ላውጣው አልኩ።

የቢራቢሮን የሕይወት ዑደት ስናስተምር ሰሌዳ ላይ አራት ሥዕል እንሥላለን። እንቁላል፣ እጭ፣ ፑፓ፣ ቢራቢሮ። ተማሪው ይገለብጣል፣ ፈተና ላይ ይመጣል፣ በቃ። እነዚህን ደረጃዎች ከሚመገቡት ተክል ጋር አንድ ገጽ ላይ አድርጋ ማሳየትን ያስለመደችን ሴት ግን ስሟ አይነሳም።

ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ትባላለች። በ1647 ፍራንክፈርት ተወለደች። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አባቷ መዳብ ላይ እየቀረጸ መጻሕፍት የሚያሳትም ሰው ነበር፤ ገና ሕፃን ሳለች ሞተ። እንጀራ አባቷ ደግሞ የአበባ ሠዓሊ ነው። ብሩሽ ያስያዛት እሱ ነው። በ13 ዓመቷ የሐር ትል ማርባት ጀመረች። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ትልና ዝንብ ከጭቃና ከበሰበሰ ነገር በራሳቸው የሚፈጠሩ ይመስለው ነበር። እሷ ግን ቅጠል እየቀጠፈች ትመግባቸዋለች። መቼ ቆዳቸውን እንደጣሉ፣ መቼ ራሳቸውን እንደጠቀለሉ፣ መቼ ክንፍ አውጥተው እንደወጡ ትጽፋለች፤ ትሥላለች። በ1679 የአባጨጓሬ መጽሐፏን አሳተመች። እያንዳንዱ ገጽ ላይ አንድ ተክል አለ፤ ተክሉ ላይ ደግሞ እሱን የሚበላው አባጨጓሬ ከነደረጃዎቹ።

ቀጥሎ ያደረገችው ነገር ነው እኔን የሚያስደንቀኝ። በ1699፣ በ52 ዓመቷ፣ ሥዕሎቿን ሸጣ ታናሽ ልጇን ዶሮቴያን ይዛ ከአምስተርዳም መርከብ ተሳፈረች። ደቡብ አሜሪካ፣ ሱሪናም ወረደች። ንጉሥ አልላካትም፣ ተቋም አልከፈለላትም። እዚያ ያሉት የሸንኮራ እርሻ ባለቤቶች ከስኳር ሌላ ነገር ትፈልጋለች ብለው እንደሳቁባት ራሷ ጽፋለች። ሕመም ጸንቶባት በ1701 ተመለሰች። በ1705 የሱሪናም ነፍሳት መጽሐፏ ወጣ፤ 60 ትልልቅ ሥዕሎች አሉት። በራሷ ገንዘብ ነው ያሳተመችው።

ይህን የማነሳበት ምክንያት አለኝ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ ቅጠል ስትሥል የጠርዙን ጥርስ ሳይቀር ቆጥራ ነው የምትሥለው። አንድ ባልደረባዬ ደብተሯን አየና “ለሴት ልጅ ጥሩ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው” አላት። ክፋት አስቦ አይደለም። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ደብተሩን ይዛ አትመጣም።

እና እባካችሁ፣ ስለነዚህ ሴቶች የምታውቁትን ጨምሩልኝ። ላነብላት ነው። ሁለተኛ፣ የተክል ሥዕል በሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ካለ ያስተምረን።

ፈረስ_መጋላ፦

መምህርት፣ ሜሪያንን ካነሳሽ አይቀር የሸረሪቷን ነገር ልጨምር። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

የ1705ቱ መጽሐፍ 18ኛ ሥዕል የዘይቱን ቅርንጫፍ ነው። ቅጠሉ ተበሳስቷል። ጉንዳኖች እርስ በርስ ተያይዘው በአካላቸው ድልድይ ሠርተው ይሻገራሉ። ከታች ፀጉራም ትልቅ ሸረሪት ሃሚንግበርድ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ከጎጆዋ አውጥታ፣ በጀርባዋ አስተኝታ ትበላታለች። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኒየስ በ1758 ለዚያች ሸረሪት ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ ወፍ መብላቷን ከስሟ ውስጥ አስገባ። ምስክሩ የሜሪያን ሥዕል ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ? እሷ ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1834፣ ላንስዳውን ጊልዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስና የተፈጥሮ ተመራማሪ የጻፈው ትችት ታተመባት። መጽሐፏን ገጽ በገጽ አብጠለጠለው። ሰውየው ሱሪናምን ረግጦ አያውቅም። የእሱን ትችት ይዘው ሸረሪት ወፍ አትበላም፣ ሴትዮዋ ተረት ሰምታ ነው የሣለችው የሚሉ በዙ። በ1863 ሄንሪ ቤትስ የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ስለ አማዞን በጻፈው መጽሐፍ እንዲህ ዓይነት ሸረሪት ወፎችን ይዛ በዓይኑ ማየቱን መሰከረ። ሥዕሏ ከታተመ ከ150 ዓመት በላይ መሆኑ ነው! ወንድ እስኪያየው ድረስ እውነት አልሆነም።

ለተማሪሽ ይህን ንገሪያት። ያየችውን በትክክል ከሣለች፣ ሥዕሉ ራሱ ቆሞ ይከራከርላታል።

ዳቻቱ_ማዶ፦

አቦ እኔ ለመከራከር አይደለም፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው። ያኔ ካሜራ አልነበረም፣ እሺ። አሁን እኮ ሁላችንም ኪስ ውስጥ ስልክ አለ። አበባውን በቅርበት አንስተህ፣ ቦታውን መዝግበህ፣ ጨርሰህ ትሄዳለህ። ልጅቷን ቁጭ ብለሽ ጥርስ ቁጠሪ ማለት ጊዜዋን መብላት አይሆንም? ታሪኩን መማሯ ጥሩ ነው። ሙያው ግን ያለፈበት ይመስለኛል።

ቅጠል_ሰብሳቢ፦

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የዕፅዋት ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ሐረማያ የተማርኩትን ያህል ልመልስ።

ፎቶ አንድን ተክል፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ብርሃን ያሳያል። የዚያን ቀን ቅጠሉን ፍየል ግጦት ከሆነ የተጋጠ ቅጠል ታያለህ። ሥዕሉ ግን የዝርያው ነው። ሠዓሊዋ ብዙ ናሙና ታያለች፣ የጋራ የሆነውን ታወጣለች፣ የአንዱን ተክል ጠባሳ ትተዋለች። አበባው ሚያዝያ፣ ፍሬው ጥቅምት የሚመጣ ከሆነ ሁለቱንም አንድ ገጽ ላይ ታደርጋቸዋለች። አበባውን ለሁለት ሰንጥቃ ውስጡን ታሳያለች። አራት ሚሊ ሜትር የምትሆነውን የወንዴ ዘር ከረጢት አሥር እጥፍ አሳድጋ ከጎን ታስቀምጣለች። ፎቶ ላይ ከፊቱ ያለው ሲጠራ ከኋላው ያለው ይደበዝዛል፤ ሥዕል ላይ ሁሉም ጥርት ይላል።

ለዚህ ነው ዛሬም አዲስ ዝርያ ሲገለጽ አብዛኛውን ጊዜ ፎቶ ቢኖርም የቀለም መስመር ሥዕል የሚታከለው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት የሚለውን ትልቅ ሥራ የገለጠ ያውቀዋል። በፈረንጅ 1980 ተጀምሮ በ2009 ነው የተጠናቀቀው፣ ስምንት ቅጽ ነው። ከአርታኢዎቹ አንዷ ሱ ኤድዋርድስ ናት፤ ዕድሜዋን እዚህ አገር ለዕፅዋት የሰጠች ሴት። ከጽሑፉ ጎን ያሉት ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች ባይኖሩ እኔ ግማሹን ተክል መለየት አልችልም ነበር። ሜዳ ላይ መጽሐፉን ይዘህ ስትቆም ዓይንህ መጀመሪያ የሚሄደው ሥዕሉ ላይ ነው።

የደረቀ ናሙና ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ጋዜጣ ውስጥ ተጭኖ የከረመ አበባ እንደ ወረቀት ነው። ሙቅ ውኃ ውስጥ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረህ ትዘፈዝፈዋለህ። ቀስ ብሎ ይለሰልሳል። ከዚያ በመርፌ ትከፍተዋለህ። ያ የተጨማደደ ነገር በሕይወት ሳለ ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ የሠዓሊዋ ሥራ ነው። ማቲልዳ ስሚዝ በዚህ ትታወቅ ነበር። ለንደን አጠገብ ኪው በሚባለው የዕፅዋት ማዕከል ከ40 ዓመት በላይ ሠርታለች፤ ለአንድ መጽሔት ብቻ ከ2,300 በላይ ሥዕል ሣለች። በ1898 የማዕከሉ የመጀመሪያዋ ይፋ ሠዓሊ ሆነች። ከዓለም ዙሪያ በመርከብ የሚመጣውን ጠፍጣፋ ድርቆሽ ተቀብላ ተክል አድርጋ ታስነሳዋለች።

ማተሚያ_ቤት፦

ሰላም። ድሬ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። ስለ አበባ ብዙ አላውቅም፤ ስለ ኅትመት ግን ልጨምር፤ ምክንያቱም ሥዕሉ ከተሣለ በኋላ ያለው ልፋት ይረሳል።

ኤልሳቤጥ ብላክዌል የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ አሌክሳንደር በዕዳ ለንደን ውስጥ እስር ቤት ገባ። ገቢ የለም፣ ልጅ አለ። ቼልሲ የሚባል የመድኃኒት ተክሎች አትክልት ቦታ አጠገብ ቤት ተከራየች። በየቀኑ ከአትክልቱ ትኩስ ተክል እያየች ትሥላለች። ሥዕሉን እስር ቤት ድረስ ይዛ ትሄዳለች፣ ባሏ የተክሉን ስም በየቋንቋው ይነግራታል። ቤት ተመልሳ መዳቡን ራሷ ትቀርጻለች። ታትሞ ሲወጣ ቀለሙን ራሷ ትቀባለች። በሳምንት አራት ሥዕል እያወጣች፣ ከ1737 እስከ 1739፣ 500 ተክል ጨረሰች። ባሏም ተፈታ።

መዳብ መቅረጽ ምን እንደሆነ ላላየ ሰው ልንገር። የመዳቡን ሳህን በሰም ትሸፍነዋለህ። በመርፌ ሰሙን እየፋቅህ ትሥላለህ። አሲድ ውስጥ ስትከተው የተፋቀው መስመር ይበላል። ከዚያ ቀለም ታጠግበዋለህ፣ ላዩን አጥርተህ ትጠርገዋለህ፣ እርጥብ ወረቀት ታለብስበታለህ፣ ከባድ መጭመቂያ ታሳልፈዋለህ። ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው የሚወጣው፤ ቀኙ ግራ ይሆናል። አንድ መስመር ከሳትክ ማጥፋት ጭንቅ ነው። በዚያ ዘመን ሠዓሊው፣ ቀራጩና ቀለም ቀቢው ሦስት የተለያዩ ባለሙያዎች ነበሩ። እሷ ሦስቱንም ብቻዋን ሆነች፣ ያውም 500 ጊዜ። ይህን “የትርፍ ጊዜ ሥራ” የሚል ሰው አንድ ሳህን ይሞክርና እንነጋገር።

ሌላው የአሮጌ ሥዕል ግርጌ ነው። ከምስሉ በታች በደቃቅ ፊደል ሁለት ስም አለ። አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል የሣለው፣ በቀኝ በኩል የቀረጸው ነው። የኤልሳቤጥ ጉልድን ሥራዎች ተመልከቱ። ጆን ጉልድ የሚባለው የወፍ መጻሕፍት አሳታሚ ሚስት ነበረች። ባልየው ሻካራ ንድፍ ይሠራል፤ እሷ ለማተሚያ በተዘጋጀ ድንጋይ ላይ ወፏን በሕይወት ታወጣለች። ከ600 በላይ ሥዕል ሠርታለች። ዳርዊን በቢግል መርከብ ዞሮ ካመጣቸው ወፎች 50ውን ድንጋይ ላይ ያወጣችው እሷ ናት። ብዙዎቹ ግርጌ ላይ ግን የሚነበበው “ጄ. እና ኢ. ጉልድ” ነው። ጄ ባልየው፣ ኢ እሷ። መጽሐፉን ደግሞ ሁሉም “የጉልድ ወፎች” ነው የሚለው። ሦስት ትንንሽ ልጆቿን ለእናቷ ትታ እስከ አውስትራሊያ ተጉዛለች። በ1841 ስምንተኛ ልጇን በወለደች በቀናት ውስጥ ሞተች። 37 ዓመቷ ነበር።

ቀለም ቀቢዎቹ ደግሞ ጭራሽ ስም የላቸውም። ቅጠል ሰብሳቢ ያነሳችው የኪው መጽሔት እስከ 1948 ድረስ በእጅ ነበር የሚቀባው። በእንዲህ ዓይነት ሥራ ብዙ ሴቶችና ልጃገረዶች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዷ አረንጓዴውን ብቻ፣ አንዷ ቀዩን ብቻ ትቀባና ለጎረቤቷ ታሳልፋለች። ከነሱ አንዷን በስሟ ጥሩልኝ ብትሉኝ አልችልም።

ዳቻቱ_ማዶ፦

የሥዕሉ ጥቅም ላይ ቅጠል ሰብሳቢ ያልሽው ገብቶኛል፤ አበባውን ሰንጥቆ ማሳየት ስልክ አይችለውም፣ እሺ።

ስም ስለመጥፋት ግን ሴት በመሆን ብቻ አይመስለኝም። ሉዊጂ ባሉጋኒን አስታውሱ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጣሊያናዊ ወጣት ሠዓሊ ቀጥሮ ወደ አገራችን አመጣው። ኮሶውን፣ ወፉን፣ ሕንፃውን የሣለው እሱ ነው። በ1771 እዚሁ ጎንደር ሞተ። ብሩስ በ1790 መጽሐፉን ሲያወጣ ለባሉጋኒ የሚገባውን ቦታ አልሰጠውም። ወንድ ነው፤ ስሙም ተውጧል። ገንዘብ የከፈለ ስሙን ይወስዳል። ነገሩ ይኸው ነው።

የሳቢያን_መምህርት፦

ባሉጋኒን ማንሳትህ ጥሩ ነው፣ ወንድሜ። እሱም ይገባዋል። ግን አንድ ልዩነት አለ። ባሉጋኒ የሥዕል ሥልጠናውን በግልጽ አገኘ፤ ሥራውንም በደመወዝ ተቀጠረ። ለሴቶቹ በሩ ራሱ ዝግ ነበር። ሜሪያን ኑረምበርግ በኖረችበት ጊዜ የሠዓሊዎቹ ማኅበር ደንብ ሴት በዘይት ቀለም ሥላ እንድትሸጥ አይፈቅድም ነበር። ለዚህ ነው ውኃ ቀለምና ብራና ላይ የቀረችው። ከዚያ በኋላ ደግሞ “ሴት ውኃ ቀለም ነው የሚሆናት፣ ቀላል ነው” ተባለ። መጀመሪያ ይዘጉብሻል፤ ከዚያ በቀረልሽ ነገር ይመዝኑሻል።

ቤትሪክስ ፖተርም አለች፤ ለልጆች የጻፈችውን ብዙ ሰው ያውቃል። ከዚያ በፊት እንጉዳይ ትሥል ነበር። የእንጉዳይ ዘር እንዴት እንደሚበቅል በማይክሮስኮፕ አጥንታ በ1897 ለንደን ለሚገኘው የሊኒየስ የሳይንስ ማኅበር ጽሑፍ አቀረበች። አቀረበች ስል፣ ራሷ አይደለችም። ሴት ስብሰባው ውስጥ መግባት ስለማትችል ሌላ ሰው ነው ያቀረበላት።

ኤረር_በር፦

ሁሉንም አነበብኩ። ደስ ብሎኛል፣ ግን አንድ ነገር ሳይነሳ እንዳይታለፍ።

ሜሪያን ሱሪናም ጫካ ውስጥ ብቻዋን አልገባችም። መንገዱን በመጥረቢያ እየመነጠሩ ያስገቧት በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። አባጨጓሬ እየያዙ የሚያመጡላት፣ ይህ ተክል ለዚህ ይሆናል እያሉ የሚነግሯት እነሱና የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ስትመለስም አንዲት የአገሩን ተወላጅ ሴት ይዛ ነው አምስተርዳም የገባችው። ስሟን አልጻፈችም። ስማቸው ስለተዋጠ ሴቶች ስናወራ፣ ከነሱ ኋላ ስማቸው ጭራሽ ያልተጻፈ ሴቶች አሉ።

የ1705ቱ መጽሐፏ 45ኛ ሥዕል ላይ ቀይና ቢጫ አበባ ያለው ተክል አለ። ከጎኑ የጻፈችውን ስታነቡ ሰውነት ይከብዳል። በባርነት ያሉት ሴቶች የዚህን ተክል ዘር ጽንስ ለማስወረድ ይወስዱት ነበር፤ ልጃቸው ባሪያ ሆኖ እንዳይወለድ። ይህንን ራሳቸው ነገሩኝ ብላ ነው የጻፈችው። ያን ዘመን ስለ እርሻው ትርፍ የጻፈ ብዙ ነው። እነዚያ ሴቶች የተናገሩትን መዝግቦ ያስቀረ ግን ጥቂት ነው። ለዚህ አከብራታለሁ። ስማቸውን አለመጻፏ ደግሞ ያሳዝነኛል። ሁለቱንም ለተማሪሽ ንገሪያት፣ መምህርት። ልጅ ናት ብለሽ አንዱን አትደብቂያት።

የሳቢያን_መምህርት፦

እነግራታለሁ። እንዲያውም ከዚህ አንድ ሕግ አወጣሁ። ተማሪዎቼ ተክል ሲሥሉ ከሥዕሉ ጎን ሁለት ስም ይጻፋል። የሣለው፣ እና ስለ ተክሉ የነገራቸው ሰው። አያትም ትሁን፣ እረኛም ይሁን፣ ገበያ ያለች ቅጠል ሻጭም ትሁን። ፈቃዷን ጠይቀው ይጽፋሉ።

ከዚራ_ጥላ፦

45ኛውን ሥዕል አሁን ፈልጌ አየሁት። ይህን ቁጥቋጦ አውቀዋለሁ! ሞቃት አገር ሁሉ ግቢ ውስጥ ለጌጥ ይተከላል። ክሮቹ ከአበባው ወጥተው ረዝመው የሚንጠለጠሉት። እዚህ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር መንገዱን የሚያለብሰው የድሬዳዋ ዛፍ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሁለቱም የአተርና የባቄላ ቤተሰብ ናቸው፣ ፍሬያቸው እንደ ባቄላ ቆባ ነው። የኛው ዛፍ ከማዳጋስካር የመጣ ነው። ያንን አበባ ዕድሜዬን ሙሉ እያየሁ ኖርኩ፤ ይህን ታሪክ ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሸዋ_በር፦

የኛ የሐረር ሴቶችስ? እናቶቻችን ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ስፌት፣ ቀለሙ፣ ልኩ። እነሱም እኮ ሠዓሊዎች ናቸው። ለምን አይነሱም?

ኤረር_በር፦

ይነሱ። ግን ለየብቻቸው ይነሱ። እናቴ ሰፊ ናት። የሷ ጥበብ ቁጥር ነው፤ ስንጥሩን እየቆጠረች ነው ቅርጹን የምታወጣው፣ ከእናቷ የወረሰችውን ሥርዓት ትጠብቃለች። ቅጠል አይታ ቅጠል ልታስመስል አይደለም የምትሰፋው። ከተፈጥሮ ሥዕል ጋር ካደባለቅነው ሁለቱንም እናሳንሳለን። ስፌቱ የራሱ ሰፊ ውይይት ይገባዋል፤ ሸዋ በር፣ ከከፈትከው እናቴን ጠይቄ እጽፋለሁ።

ፈረስ_መጋላ፦

ሁለት ሴቶች በአጭሩ ልጨምር።

ማሪያን ኖርዝ፣ እንግሊዛዊት፣ 1830–1890። አባቷ ሲሞት ብቻዋን ዓለምን መዞር ጀመረች። በዘይት ቀለም ነው የምትሥለው፣ ተክሉን ካለበት ተራራና ወንዝ ጋር። በራሷ ወጪ ኪው ውስጥ አዳራሽ አሠርታ በ1882 ተከፈተ። ከ800 በላይ ሥዕል ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ዛሬም አለ። ቦርንዮ ላይ የሣለችው አንድ ነፍሳት የሚያጠምድ ተክል በሳይንስ የማይታወቅ ሆኖ ተገኘ። ሥዕሉን ያዩ ሰዎች ፈላጊ ልከው አገኙት፤ በስሟም ተሰየመ። ዳቻቱ፣ ሥዕል አዲስ ዝርያ ሲያስገኝ ይህ ነው።

ማርጋሬት ሚ ደግሞ ለዘመናችን ትቀርባለች። አማዞንን ለብዙ አሥርት ዓመታት በጀልባ ዞራለች። በሌሊት የሚከፈት፣ ሲነጋ የሚጠወልግ አንድ የቁልቋል አበባ ነበር። ዓመታት ፈለገችው። በ1988፣ ሰባዎቹን ዕድሜ ስትጨርስ፣ ጀልባ ጣሪያ ላይ ተቀምጣ በሌሊት ሲከፈት ሣለችው። በዚያው ዓመት በመኪና አደጋ ሞተች። ከሥዕሏ ጋር የጮኸችው ስለ ደኑ መጨፍጨፍ ነበር፤ የሣለቻቸው አንዳንድ ቦታዎች በዓይኗ እያየች ተመንጥረዋል።

ሙጫ_ነጋዴ፦

አሰላሙ አለይኩም። ልጄ ናት ይህን ያሳየችኝ። እኔ ሙጫ፣ ዕጣንና ከርቤ ነው የምነግደው። አንድ ነገር ልንገራችሁ። እነዚህ ሴቶች የሣሉበት ውኃ ቀለም ወረቀቱ ላይ የሚይዘው በሙጫ ነው። ከግራር የሚወጣው፣ ከቆላው የሚመጣልን ያው ሙጫ።

ቀለም ውድ ነው ብላችሁ ልጆቹን አትከልክሉ። ንጹሑን፣ ፈዛዛ ቢጫውን ሙጫ ምረጡ። ደቁሱት። ለብ ባለ ውኃ አሳድሩት፣ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ትንሽ ማር ጨምሩ፤ ማሩ ቀለሙ ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ያደርጋል። ከዚያ የተነፋ ቀይ አፈር በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ከሱ ጋር ፍጩት። የሐረር ቤት መደብ የሚቀባበት ዓይነት ቀይ አፈር ጥሩ ቀለም ይወጣዋል። ዕጣን እንዳትጠቀሙ ብቻ፤ ዕጣን በውኃ እንደ ሙጫ አይሟሟም፣ ይበጠስባችኋል።

ከዚራ_ጥላ፦

አባባ፣ አላህ ይስጥልን! ቀይ አፈር ካነሱ አይቀር፣ ድሬ አጠገብ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ውስጥ ተመራማሪዎች 4,213 ቁራጭ ቀይና ቢጫ የቀለም አፈር አግኝተዋል። 40 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የፈጩበት ድንጋይም ተገኝቷል። ዕድሜው 40,000 ዓመት ገደማ ነው።

ሙጫ_ነጋዴ፦

ማሻአላህ። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ ማለት ነው።

ቅጠል_ሰብሳቢ፦

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። መምህርት፣ አሣሣሉን ጠይቀሽ ነበር። ተማሪሽ በምን ትጀምር ካልሽኝ በእሬት እላለሁ። ከድሬ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ፣ በሐርላ መንደር ስም የተሰየመች እሬት አለች፤ አሎይ ሐርላና ትባላለች፣ የዚሁ የሐረርጌ ምድር ተክል ናት። ቅጠሏ ወፍራም ነው፣ አይጠወልግባትም፣ ቁጭ ብላ ትሥላለች።

መጀመሪያ እርሳስ ሳትይዝ ትይ። ቅጠሎቹ ከመሃል እንዴት እንደሚወጡ፣ የአበባው ዘንግ ቅርንጫፍ እንዳለው። ከዚያ ትለካ። የቅጠሉ ርዝመት፣ ሥሩ ጋ ያለው ስፋት፣ በአንዱ የጠርዝ ጥርስና በሌላው መካከል ስንት ሚሊ ሜትር እንዳለ። የሂሳብ ኮምፓስ ካላት ርቀቱን በሁለቱ ጫፍ ይዛ ወረቀት ላይ ታሳርፋለች። እሬትን ከእሬት የሚለየው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ጥርሱ፣ ነጠብጣቡ፣ የአበባው ርዝመት። ጥርስ ቆጥራ መሣሏ ትክክል ነበረች በያት።

አንድ አበባ ብቻ ቀጥፋ በርዝመቱ በምላጭ ትሰንጥቅ። ስድስት የወንዴ ዘር ክር ታገኛለች። ያንን ለብቻው አሳድጋ ከጎን ትሣል። ብርሃኑ ከላይ በግራ በኩል የሚመጣ አድርጋ ጥላውን ታስቀምጥ፤ በሙያው የተለመደው እሱ ነው። ጥላውን በማሸት ሳይሆን በነጥብ ትሥራው። ነጥቡ ሲቀራረብ ይጠቁራል፣ ሲራራቅ ይነጣል። ቀለሙን እዚያው ቦታው ላይ ትመዝግብ፤ ቤት ስትገባ ትረሳዋለች። ከታች መለኪያ መስመር ታስምር፣ ቀኑንና ቦታውን ትጻፍ።

አደራ፣ ተክሉን አትንቀል። የዱር እሬቶች ንግዳቸው በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት ነው፤ ደግሞም ተነቅሎ ቤት የገባ እሬት ለሌላ ሰው አይጠቅምም።

የሳቢያን_መምህርት፦

ትናንት ከሰዓት ይህንን ሁሉ አነበብኩላት። የሸረሪቷ ጋ ስደርስ “ድገሚልኝ” አለች። ዛሬ ደብተሩን ይዛ መጣች። ቅዳሜ ጠዋት ከእናቷና ከሌሎች አራት ተማሪዎች ጋር ወደ ሐርላ እንወጣለን። ቅጠል ሰብሳቢ፣ ብትመጪልን?

ቅጠል_ሰብሳቢ፦

አብሽሪ፣ እመጣለሁ። ማጉያ መነጽርና ምላጭ እኔ ይዤ እመጣለሁ። እናንተ ጠንካራ ሰሌዳ፣ ኤች ቢ እርሳስና ውኃ ያዙ። ኮፍያም። ከአራት ሰዓት በኋላ ፀሐዩ አያስቀምጥም።

ዳቻቱ_ማዶ፦

ቅዳሜ መኪናዬ ነፃ ነው፤ ላድርሳችሁ። ስልኬንም ይዤ እመጣለሁ፤ እናንተ ስትሥሉ እኔ ላንሳ። ሁለቱ ጎን ለጎን ይታዩ።

ቅጠል_ሰብሳቢ፦

በጣም ጥሩ። ስታነሳ ግን ከቅጠሉ ጎን ማስመሪያ አስቀምጥ፤ አለዚያ መጠኑን ከፎቶው ማንበብ አንችልም። አበባውን ከፊትም ከጎንም አንሳው። የቅጠሉን ጀርባም እንዳትረሳ።